ጠፉ የተባሉት ስምንት ሹካዎች

ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይላታል። በእውነተኛ ስሟ የሚያውቃት የዓመት ፈቃድ ቅጽ ብቻ ነው።

እኔ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ስሠራ የእሷ የጥገና ክፍል ከእኔ ቢሮ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰን ነበር። ፒያኖ ቃኚ ናት። አንድ ፒያኖ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ውሎ ሲያድር ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። እሷ እያንዳንዱን በመቃኛ ቁልፏ ጠምዘዝ እያደረገች ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ ታዲያ ዜማ አልነበረም፤ አንድ ድምፅ፣ ደግሞ ያው ድምፅ፣ ደግሞ ያው። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በሁለተኛ ወሩ ዝውውር ጠይቆ ሄደ አሉ። እኔ ግን ለመድኩት፤ ኋላ ኋላ እንዲያውም ዝም ስትል ነበር የምደነግጠው። ሃያ ሁለት ዓመት ሻይ አብረን ጠጥተናል። የምነግራችሁም ከራሷ አፍ የሰማሁትን፣ ጥቂቱን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

እናቷ ስትሞት ጆሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወንድሟ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባትየው ከዚያ በፊት ሄዷል፤ የት እንደሄደ የጠየቀም የነገረም የለም። ያኔ እሷ እዚሁ ትምህርት ቤት ፒያኖ መጫወት ትማር ነበር። አቋርጣ መቃኘት ተማረች። አስተማሪዋ «ምን ነክቶሽ ነው?» ቢላት «ተጫዋች ጭብጨባ ያገኛል፣ ቃኚ ዳቦ ያገኛል፤ እቤት ያለው ልጅ ደግሞ ጭብጨባ አይበላም» አለችው።

ልጁ ሰማይ ላይ አንጋጦ የሚውል ነበር። አስተማረችው፤ ከፍ ሲልም ሩቅ ልካ አስተማረችው። ተመርቆ ዶክተር የተባለ ዕለት ካባውን አውልቆ እሷ ትከሻ ላይ ደረበውና «ይሄ ያንቺ ነው፣ እታለም» አላት። ያ ፎቶግራፍ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ካባው ረዝሞባት መሬት ይጠርጋል፤ እሷ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ከዚያ በኋላ በከተማው የከዋክብት አዳራሽ ተቀጠረ። አዳራሹ ጣሪያው ክብ ሆኖ ተመልካች ተጋድሞ የሰማዩን ምስል የሚያይበት ነው፤ ወንድሟ ሥራው ለእንግዳ ማብራራት ነበር። አንደበቱ ማር ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። ወንድሟ እንደ ልማዱ ስለ ፕላኔቶች ያወራል። እያንዳንዳቸው ፀሐይን የሚዞሩበት የማይዛነፍ ምት አላቸው፤ መሬት በዓመት አንዴ፣ ጁፒተር በአሥራ ሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ይላል። ጆሮ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ታዲያ እንዴት ያለ ድምፅ ይሆናል?» አለችው።

«እታለም፣ ጠፈር ውስጥ እኮ አየር የለም። አየር ከሌለ ድምፅ የለም» አላት እየሳቀ።

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ምት አላቸው ያልከው ግን አንተ ነህ።» ጠረጴዛውን በጣቷ ቀስ እያለች መታች። «ይኸው፣ ይሄ ምት ነው፤ ትቆጥረዋለህ። እጄ ችሎ በሰከንድ መቶ ጊዜ ብመታው ግን መቁጠር ያቅትሃል፤ ጉርምርምታ ሆኖ ነው የምትሰማው። ድምፅ ማለት የፈጠነ ምት ነው። ምቱን እጥፍ ስታደርገው ደግሞ ያው ድምፅ ነው፤ አባትና ልጅ አንድ ዜማ ሲያዜሙ እንደማለት፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ብቻ። እና የመሬትን ዙር እጥፍ፣ የእጥፉን እጥፍ፣ እንዲህ እያልን ብናፈጥነው የሆነ ቦታ ላይ ጆሮ ውስጥ አይገባም?»

ወንድሟ ማኘክ አቆመ። ስልኩን አውጥቶ ማባዛት ጀመረ። ሠላሳ ሁለት ጊዜ እጥፍ ሲያደርገው በሰከንድ መቶ ሠላሳ ስድስት መጣ። ጆሮ ዓይኗን ጨፈነችና ከደረቷ አንድ ወፍራም «እምምም» አወጣች።

«ይቺ ናት መሬት» አለች።

የዚያኑ ዕለት ወንድሟ በካሬ ወረቀት ላይ የስምንቱንም ፕላኔቶች የዙር ጊዜ ጽፎ ሰጣት። የእሱ ድርሻ ይቺ ወረቀት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእሷ ነው።

እሷም ድምፁን ወረቀት ላይ መተው አልፈለገችም፤ በእጅ የሚያዝ ነገር ፈለገች። መቃኛ ሹካ ሁለት ጣት ያላት ብረት ናት፤ ጉልበት ላይ መታ ሲያደርጓት የራሷን አንድ ድምፅ ትሰጣለች፣ ሌላ አታውቅም። ጫፏ በሞረድ ሲበላ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሥሯ ሲበላ ይወፍራል። ጆሮ ብረት አስቆረጠች፣ አስጎበጠች፤ በየምሳ ሰዓቱ ሞረድ ይዛ ትቀመጣለች። አንዴ ፋቅ፣ ወደ ጆሮዋ፤ አንዴ ፋቅ፣ ወደ ጆሮዋ። የልብሷ ጉልበት ላይ የብረት ዱቄት አይጠፋም ነበር። «ሰው ምሳውን ይበላል፣ አንቺ ለሞረድ ብረት ታበያለሽ» እላት ነበር። ሁለት ዓመት ፈጀባት። በየሹካው እጀታ ላይ በመብሻ ነጥብ መታችበት፤ ከፀሐይ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለመሬት ሦስት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት። ማስቀመጫቸው ባለቤት ያጣ የክላሪኔት ሳጥን ነው።

ስምንቱ ያለቁ ዕለት ወንድሟ መጣ። እኔም ሻይ ይዤ ገብቼ ነበርና አይቻለሁ። ሆዳቸው በተከፈተ ፒያኖዎች መካከል አስቀምጣው አንድ በአንድ አሰማችው። መጨረሻ ላይ ማርስንና ሳተርንን አንድ ላይ መታቻቸው። ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ ድምፃቸው ይጣላል፤ አንዴ ያብጣል፣ አንዴ ይሟሽሻል፣ በሰከንድ አንዴ ገደማ። ቃኚ የሚኖረውም ይህን ጠብ እየቆጠረ ነው። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እታለም፣ ይሄ ለብቻሽ መቅረት የለበትም» አላት። እውነቱን ነው፤ ለብቻዋ አልቀረም።

ለአንድ ሳምንት አውሺኝ ብሎ ሳጥኑን ወሰደ፤ ለባልደረቦቹ ሊያሰማ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ስትጠይቀው ዕቃ ክፍል ተቆልፎባቸዋል፣ ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ ነው አላት። ቁልፍ ያዡ ከፈቃድ ሲመለስ ታመመ፤ ሲድን ተዛወረ። እኔ «ይህን ቁልፍ ያዥ አይተሽው ታውቂያለሽ?» ብላት «ተይ እባክሽ፣ ነገር አትፈልጊ» አለችኝ። በስምንተኛው ወር ወንድሟ ቤቷ መጥቶ ዕቃ ስናዛውር ሳጥኑ ጠፋ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎ አለቀሰ። እሷ አቅፋ አባበለችው። «ብረት እኮ ነው፤ ይሠራል። አንተ ደህና ሁንልኝ እንጂ» አለችው። ጠዋት ይህን ስትነግረኝ ያዘነችው ለሹካዎቹ አልነበረም፤ «ልጁ ከስቷል» ነበር ያለችኝ።

እንደገና መሥራት ጀመረች። በዚያ ሰሞን አንድ የጥርስ ሐኪም መኖሪያ ቤት ያለ ፒያኖ ልትቃኝ ሄዳ ወንበሩ ላይ የልጆች መጽሐፍ አገኘች፤ ስለ ፕላኔቶች ነው። ገለጥ ብታደርገው ሳተርን ፀሐይን የሚዞረው በሃያ ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ተኩል ነው ይላል። እሷ የሠራችው በሃያ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ነው። ቤቷ ሄዳ የካሬ ወረቀቱን አወጣች፤ ወንድሟ ወራቱን በነጥብ አድርጎ 29.46 ብሎ ነው የጻፈው። አራትን ሲጽፍ ደግሞ ከላይም ከታችም ይዘጋዋል፤ አራቱን ስምንት ብላ አንብባዋለች። ለብቻዋ ሳቀች። ደውላም «አንተ፣ በአራትህ ጉድ ሠራኸኝ፤ ሳተርን ስህተት ነበር» አለችው። «ስብሰባ ላይ ነኝ እታለም፣ እደውላለሁ» አለ። አልደወለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሠራችው ሳተርንን ነው፤ በትክክሉ። ማርስን በፒያኖ ሽቦ ላይ ቃኝታ ብታስተያየው የሁለቱ ጠብ በሰከንድ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ሆኖ አገኘችው፤ እንደ ቸኮለ ሰው እስትንፋስ። አዲሷን ሹካ በመሣሪያ ቦርሳዋ ይዛት ትዞር ነበር።

አንድ ሐሙስ ስልክ ተደወለ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከከዋክብት አዳራሹ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ ዝግጅት እንከፍታለን፣ የእኛ ቃኚ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል፣ የእናንተን ባለሙያ ነገ ጠዋት ላኩልን አሉ። የሥራ ማዘዣውን ጽፌ ሰጠኋት። ደስ አላት። «ለትንሹ አልነግረውም፤ ድንገት ልድረስበት» አለች። ትንሹ የምትለው ወንድሟን ነው፤ አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በማግስቱ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

የተቀበላት ዝግጅቱን ያቀናበረው ሙዚቀኛ ነው፤ ጨዋ ሰው ነበር ትላለች። ትልቁ ፒያኖ በክቡ ጣሪያ ሥር ቆሟል። «እናቴ፣ ይሄ ፒያኖ በተለመደው አይቃኝም። ስምንት ድምፆች አሉ፤ በእነሱ ልክ ነው የምፈልገው» አለና ሳጥን ከፈተላት።

የክላሪኔት ሳጥን ነው።

ስምንቱም በተርታ ተኝተዋል። አንስታ ነጥቦቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «መጀመሪያ ምን መሰለኝ መሰለሽ? ተገኙ ብዬ ደስ አለኝ» ብላኛለች።

«ማን ሠራቸው?» አለችው።

«ዶክተራችን ናቸው። ስሌቱም የሳቸው ነው፤ ዓመታት ለፍተውበታል።»

«ዶክተሩ ሞረድ ይይዛሉ?»

«በትርፍ ጊዜያቸው ብረት ይሠራሉ አሉ።»

ወንድሟ ሚስማር ሲመታ አውራ ጣቱን የሚመታ ሰው ነው። ጆሮ መቃኛ ቁልፏን አወጣች። ተቀምጣ መቃኘት ጀመረች። ሰባቱን እንደ ሹካው አደረገች። ሳተርን ላይ ስትደርስ ቁልፉን አወረደችና «ይቺ ሹካ ስህተት ናት» አለች።

ሙዚቀኛው ደነገጠ። «አይደለችም። የሥራው ልብ እሷ ናት» አለና የታተመውን መግለጫ ሰጣት። ከማርስና ከሳተርን አጠገብ «የሁለት ዓለማት አንድ የልብ ምት» የሚል ርዕስ አለ፤ ሥሩ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ሁለቱ ፕላኔቶች በሰከንድ አንዴ አብረው ስለ መተንፈሳቸው የተጻፈ። ወንድሟ አራትና ስምንት በተምታቱበት ስህተት ላይ አንድ ገጽ ተፈላስፎበታል። ከፊት ገጹ ላይ «ሐሳብ፣ ስሌትና የሹካ ሥራ» ተብሎ የወንድሟ ስም አለ። ገልብጣ መጨረሻውን አየች። በትናንሽ ፊደል «ለታላቅ እህቴ፣ ሙዚቃን ለምትወድ» ይላል።

«ያቺን መስመር ባላየሁ ይሻለኝ ነበር» ትላለች እስከዛሬ። «ሌላው ስርቆት ነው፤ ያቺ ግን ስድብ ናት።»

ከቦርሳዋ አዲሷን ሳተርን አውጥታ ከአሮጌዋ ጎን ያዘቻትና ሁለቱንም በየተራ መታች። ከዚያ አዲሷን ከማርስ ጋር። ሙዚቀኛው ጆሮው የሠለጠነ ነውና ልዩነቱ ገባው። ቀጥሎ እጀታዎቹን አየ፤ ስድስት ነጥብ፣ ስድስት ነጥብ፤ የአንድ እጅ ሥራ።

«ይህችን ማን ሠራት?»

«ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

በዚህ መሃል ወንድሟ በጎን በር ገባ። ወረቀት ይዟል፤ እየፈጠነ ነበር፣ ሲያያት ቆመ።

«እታለም… አንቺ እዚህ ምን…»

«ደህና አደሩ፣ ዶክተር» አለችው።

ሙዚቀኛው ቀስ ብሎ ወጣ። ወንድሟ ወንበር ስቦ ሊያስቀምጣት ሞከረ፤ አልተቀመጠችም። ያ የማር አንደበት ተንተባተበ።

«ላስረዳሽ ነበር፣ ከመክፈቻው በኋላ። ስምሽን ባስገባ ኖሮ እኮ አይቀበሉኝም ነበር። ኮሚቴ አለ። ማን ናት ይላሉ፣ የት ተማረች ይላሉ። ፒያኖ ቃኚ ናት ብዬ ምን ልበላቸው? ሐሳቡ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«ቤቴ መጥተው ጠፉብኝ ብለው ሲያለቅሱ፣ ምን ነበር ያስለቀሰዎት?»

ወንድሟ የያዘውን ወረቀት አጣጠፈ።

«ጠይቀውኝ ቢሆን እኮ እሰጥዎት ነበር። ስሜንም ባያስገቡ። መቼ ከልክዬዎት አውቃለሁ?»

«እታለም፣ እባክሽ አንቱ አትበዪኝ።»

«ዶክተር አይደሉ እንዴ?»

ወንድሟ ፒያኖውን አየ፣ መግለጫውን አየ። ከዚያ የተናገረው ነው ነገሩን የጨረሰው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ሳተርን ተሳስቷል እንበል። ግን ታትሟል፤ ነገ ትልልቅ እንግዶች አሉ። ለዚህች አንድ ጊዜ ብቻ እንደነበረው ቃኚልኝ» አላት።

ጆሮ ቀና ብላ አየችው። ስምንት ዓመቱ ሳለ ብርጭቆ ሰብሮ ድመቷ ናት ሲል የነበረውን ፊት ነው ያየሁት ብላኛለች። ከቦርሳዋ የእኔን የሥራ ማዘዣ አወጣች። ማዘዣው ታች ላይ «የደንበኛው ልዩ ትእዛዝ» የሚል መስመር አለ፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሰው ሞልቶት አያውቅም።

«እዚህ ላይ ይጻፉልኝ» አለችው። «ሳተርን ስህተት መሆኑን ቃኚዋ ነግራኛለች፤ እኔ በስህተቱ ይቃኝ ብያለሁ ይበሉና ይፈርሙ።»

«ልታዋርጂኝ ነው?»

«የለም። ያልተፈረመበት ስህተት ቃኝቼ ስለማላውቅ ነው።»

ብዕር ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ጻፈና ፈረመ። እሷም ተቀምጣ ሳተርንን በስህተቱ ቃኘችው፤ ቅንጣት ሳታጎድል፣ ልክ እንደ አሮጌዋ ሹካ። የመሣሪያ ቦርሳዋን ዘግታ ወጣች። ሳጥኑን እዚያው ተወችው፤ አዲሷን ሳተርን ብቻ ይዛ።

ሰኞ ጠዋት ማዘዣውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ፋይል አድርጊው» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እየጎተጎትኩ ሁሉንም አስነገርኳት። «ይሄ ወረቀት ጋዜጣ ቢሄድ እኮ…» ስል ቃሌን ከአፌ ነጠቀችኝ።

«ያሳደግኩትን ልጅ?» አለች። «እሱ አንዴ አዋርዶኛል። አሁን ደግሞ ሁለታችንንም እኔ ላዋርድ?»

«ታዲያ ለምን አስፈረምሽው?»

«እምቢ ይላል ብዬ ነበር» አለች። «ብዕሩን ጥሎ፣ በቃ እንተወው፣ በትክክሉ ቃኚው ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስኪፈርም ድረስ እየጠበቅኩት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ዝም አለ። ለሁለት ሳምንት አንድም ድምፅ አልሰማሁም፤ ሽቦ ትቀይራለች፣ በፒያኖ መዶሻዎች ላይ ሱፍ ትለጥፋለች፣ አትቃኝም። እኔም ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ስትጀምርም ምሳ ሰዓት ላይ ሞረድ አልያዘችም። ሌሎቹን ሰባት አልሠራችም።

ዝግጅቱ ተወደደ። ራዲዮ አወራለት፤ «አንድ የልብ ምት» የሚባለው ክፍል በተለይ ተመሰገነ። ሙዚቀኛው ግን በሦስተኛው ወር ትምህርት ቤታችን ድረስ መጣ። ለመግለጫው ሁለተኛ እትም ተሟግቶ አንድ መስመር አስጨምሯል፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበላት። «የሹካ ሥራ፦ የዶክተሩ እህት» ይላል። ሐሳቡና ስሌቱ አሁንም የወንድሟ ነው። ሰውየው አፍሮ «የቻልኩት ይቺን ነው፣ እናቴ» አላት። አመሰገነችው፤ ከልቧ ነው። ወረቀቱን ግን ይዛ አልሄደችም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።

ወንድሟ አልቀረም። በየእሑዱ ከሚስቱ ጋር ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል። ሚስቱ ነገሩን አታውቅም፤ መጀመሪያ ሰሞን አንቱታውን ቀልድ መስሏት ትስቅ ነበር፤ አሁን አትስቅም። አንድ ቀን ጓዳ ድረስ ተከትሏት ገብቶ እግሯ ላይ ወደቀ። «ይነሱ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለችው፤ አንስታም ጉልበቱን አራገፈችለት።

ባለፈው እሑድ እኔም እዚያ ነበርኩ። ምሳ በላን፤ ስለ ሥራው ጠየቀችው፤ መለሰላት፤ ፎቶግራፉ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ለእሱ ቀድማ ሻይ ቀዳችለት፣ ጥሩውን የእንግዳ ስኒ ሰጠችው። ሊሄዱ ሲነሱ ኮቱን አቀብላ እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው፤ መኪናው ጥጉን እስኪዞርም ቆማ ጠበቀች። ድሮ ሲሄድ ከወንበሯ ሳትነሳ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ነበር የምትለው።